ሼልደን ቀለሜ፣ ጆርጂ አራዳ፤ ሚሲ ግን ምን ናት?

ታላቅየው_ከአዳማ | ቅዳሜ፣ ማታ 4፡10

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ የፊልም ነው። ግን የፊልም ብቻ አይደለም፤ ስታነቡ ትደርሱበታላችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ መጣ። ላፕቶፑ ላይ «ያንግ ሼልደን»ን ጭኖ ነበር። «ኮሜዲ ነው፣ ትወደዋለህ» አለኝ። ከእራት በኋላ እኔ፣ እሱና እማዬ ሶፋው ላይ ተደርድረን ጀመርነው። እማዬ እንግሊዝኛው አይገባትም። የሰው ፊት እያየች ትስቃለች። የሚገርመው፣ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የምትስቀው።

ነገሩ ቴክሳስ ውስጥ ነው፣ በፈረንጅ 1989። ሼልደን የሚባለው ልጅ 9 ዓመቱ ነው፤ ጭንቅላቱ ከመፍጠኑ የተነሳ በቀጥታ ሁለተኛ ደረጃ ያስገቡታል። ታላቁ ጆርጂም ያንኑ ክፍል ይጀምራል። አስቡት እንግዲህ። ድምፁ መጎርነን የጀመረ ልጅ፣ ደረቱ ጋ ከማይደርስ ታናሹ ጋር እኩል። ታናሽየው ደግሞ ቢራቢሮ ከረባት አስሮ!

ይሄን ስንተረጉምላት እማዬ «እንዴ፣ ይሄማ የእናንተ ነገር ነው!» አለች። ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የቀረውን ዝም ብለን አየን።

የእኛ ነገር የምትለው ይኼ ነው። 2 ዓመት እበልጠዋለሁ። እኔ 6ኛ ክፍልን በደገምኩበት ዓመት እሱ ከ4ኛ ደብል መትቶ 6ኛ ገባ። ያውም አንድ ሴክሽን። ያኔ ሰኔ 30 ላይ የክፍል ኃላፊያችን ደረጃ የሚያነቡት ጮክ ብለው ነበር። የአባታችን ስም አንድ ስለሆነ ማን የማን ወንድም እንደሆነ የማያውቅ የለም። እሱ 1ኛ። እኔ 34ኛ። መሀል ላይ ያሉት ስሞች ተነበው እስኪያልቁ ድረስ ያለችውን ጊዜ አትጠይቁኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ እሱ የሽልማት ደብተሮቹን በፌስታል ይዟል። የአዳማ ንፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አቧራውን እያነሳ ይለጥፍብናል። መንገድ ላይ ዞር አለና «ካርድህን ልያዝልህ?» አለኝ። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም።

እና ጥያቄዬ፦ እዚህ ፊልም ላይ የሚሳቀው በማን ነው? ገና 1ኛ ሲዝን ላይ ነኝ። ጆርጂ እንዲሁ ሲሳቅበት ነው የሚያልቀው?

ዝም_ብዬ_ነኝ | ማታ 4፡22

ኧረ ወንድሜ ኮሜዲ ነው። ሳቅና ተኛ።

ሲትኮም_አርበኛ (ወንጂ) | ማታ 4፡41

ስፖይለር አለው፤ የማትፈልግ ዝለል።

ጥያቄህ ጥሩ ነው። «ቢግ ባንግ ቲዎሪ»ን ካየህ፣ ትልቁ ሼልደን ያለበትን ማለቴ ነው፣ እዚያ ተመልካች ፊት ስለሚቀረጽ ሳቁ ይሰማሃል። የት እንደምትስቅ ይነገርሃል። «ያንግ ሼልደን» ላይ ሳቅ የለም። ከ2017 እስከ 2024፣ 7 ሲዝን፣ 141 ክፍል፣ አንድም ሰው ከጀርባ አይስቅልህም። በማን እንደምትስቅ የምትመርጠው አንተ ነህ። ስለዚህ ወንድምህ የሳቀው በራሱ ሒሳብ ነው፤ ፊልሙን አታስጠይቀው።

ሌላው፣ ታሪኩን የሚተርከው ትልቁ ሼልደን ነው። ጂም ፓርሰንስ፣ ያው የ«ቢግ ባንግ»ኑ ተዋናይ ራሱ። ቤቱን የምናየው በቀለሜው ዓይን ነው ማለት ነው። አንተ በኋላ ወንበር ሆነህ ያየኸውን ቤት፣ እሱ ከፊት ወንበር ነው የሚያወራህ። ጆርጂ ቢተርከው ሌላ ፊልም ይወጣው ነበር።

መጨረሻውን ከጠየቅክ፦ ጆርጂ ትምህርቱን ያቋርጣል። በልጅነቱ ልጅ ይወልዳል። ከዚያ ጎማ ቤት ይቀጠራል። «ቢግ ባንግ» ላይ ስናገኘው የራሱ የጎማ መሸጫዎች ያሉት ሀብታም ሆኗል፣ ስሙም «ዶክተር ታየር»። ሼልደን ያንን ሁሉ ተምሮ ዶክተር ሆነ፤ ታላቁ ደግሞ በጎማ ዶክተር ተባለ። ቀለሜው እንዴት እንደሚያርረው ማየት ነው።

ታላቅየው_ከአዳማ | ማታ 4፡47

ቆይ ቆይ ቆይ።

ጎማ?

አልነገርኳችሁም እንጂ እኔ ጎሚስታ ነኝ። ወደ አዋሽ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ አንድ ኮምፕሬሰርና ሁለት ልጆች አሉኝ። የጅቡቲ መኪና ሲያልፍ ሲያገድም እኔ ጋ ነው የሚቆመው።

ወንድሜ ደግሞ ፊልሙን ጨርሶታል። ሁሉንም ሲዝን። እያወቀ ነው ያመጣው ማለት ነው?

ዝም_ብዬ_ነኝ | ማታ 4፡48

ይሄ ነገር አሁን ጣፈጠ። እንቅልፌን ሰርዣለሁ።

ቀለሜዋ | ማታ 5፡15

እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ። የታናሽየው ወገን። ማንም ጠይቆን አያውቅም።

8ኛ ክፍል ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ 9ኛ ነበር። ማታ ማታ ሒሳቡን እኔ ነበርኩ የምሠራለት። አንድ ሴሚስተር እኔ 1ኛ ወጣሁ፣ እሱ ወደቀ። አባቴ ካርዶቻችንን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቸው። አንድም ቃል አልተናገረም። ቀበቶውን ፈታ። «ሴት በለጠችህ» የሚለውን የሰማሁት ከሌላኛው ክፍል ሆኜ ነው።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ፈተና ላይ ሁለት ጥያቄ ሳልመልስ ወጣሁ። እያወቅኳቸው። መምህሩ ወረቀቱን ሲቀበሉኝ እነዚያን ባዶ ቦታዎች አዩ፣ እኔን አዩ፣ ምንም አላሉም። 3ኛ ወጣሁ። ወንድሜ ያኔም ተገረፈ። ስለዚህ ምንም አልጠቀምኩትም።

«ማልኮም ኢን ዘ ሚድል» የሚባለው ሲትኮም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ማልኮም አይኪውው፣ የአእምሮ ፈተና ውጤቱ ማለት ነው፣ 165 ነው ተብሎ ልዩ ክፍል ይገባል። እናቱ ልትፈነዳ ነው በደስታ። ለእሱ ግን እርግማን ነው። በኋላ ታናሹ ዱዊ ለዚያ ክፍል ሲፈተን ማልኮም ሆን ብሎ እንዲወድቅ ያደርገዋል፤ እንደ እኔ እንዳይሆን ብሎ። ልጁ ወድቆ የባሰ ክፍል ይመደባል። ያንን ሳይ ሪሞቱን አስቀምጬ ወጥ ላማስል ሄድኩ። ወጡ መማሰል አያስፈልገውም ነበር።

ሲትኮም_አርበኛ (ወንጂ) | ማታ 5፡24

እህቴ፣ ማልኮምን ካነሳሽ መጨረሻውን ልጨምር። 2006 ላይ ሲያልቅ ባለ 165ቱ ሃርቫርድ ገብቶ ለትምህርት ክፍያው ጽዳት ይሠራል። «ደደብ» የሚሉት ታላቁ ሪስም ትምህርት ቤት ጽዳት ይቀጠራል። ሁለቱም መጥረጊያ ይዘው አለቀ። እንዲህ ያለ ፍርድ ሰሎሞንም አይፈርድ።

ደግሞ ሪስ ጎበዝ ወጥ ሠሪ ነው። ቤት ውስጥ ግን ለወጥ ደረጃ የሚያነብ የለም።

ከሐዋሳ_መንታዋ | እሁድ፣ ጠዋት 1፡30

ሁላችሁም ስለ ሁለቱ ወንዶች ታወራላችሁ። አርእስቱ ላይ ስሟ አለ፣ እስካሁን ሚሲን ያነሳ ግን የለም። ይሄው ነው የሚሲ ነገር።

ሚሲ የሼልደን መንታ ናት። እኔም መንታ ነኝ፤ ወንድሜ በቀለም ትምህርት የሚታማ አይደለም። መንታ ሆናችሁ እዩት። የ2 ዓመት ልዩነት የለ፣ «እሱ ታላቅ ስለሆነ ነው» የለ። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ማህፀን። ዘመድ ሲመጣ ሁለታችንን ጎን ለጎን ያቆማሉ፤ እሱን 17 ሲባዛ በ13 ይጠይቁታል፣ እኔን ውሃ አምጪ ይሉኛል።

ፊልሙን ልብ ብላችሁ እዩት። እናት ስታዝን ቀድማ የምታውቀው ሚሲ ናት። አባትና እናት ሲኮራረፉ የምታውቀው እሷ። ሼልደን የጠፈርን ነገር ያውቃል፣ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው እያለቀሰ መሆኑን አያውቅም። መንታዬ ፊዚክስ ሲያውቅ እኔ አባዬ መቼ እንደተበደረ አውቅ ነበር። ከሥራ ሲገባ ጫማውን የሚያወልቅበት አኳኋን ይለያል፤ የተበደረ ቀን ክሩን ሳይፈታ በእግሩ ነው የሚገፋው። ያን ቀን ለደብተር ብር አልጠይቅም። መንታዬ ይጠይቃል።

ይሄንን የሚለካ ፈተና ካለ አምጡልኝና እኔም 1ኛ ልውጣ።

በኋላ ሚሲ ቤዝቦል ትጀምራለች፤ ኳስ ወርዋሪ። እሷ እዚያ ሜዳ ላይ ስትቆም አባትየው የሚያያት ዓይን፣ ያንን ዓይን ነው እኔ ስጠብቅ የኖርኩት።

የጋሪ_ልጅ (አዳማ) | እሁድ፣ ጠዋት 2፡05

እኔ ደግሞ ከፈረስ ልጀምር፤ ታገሱኝ።

አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር። ዳማ ፈረስ ነበረን። ሰፈርተኛው «ይሄ ፈረስ ሰው ነው» ይል ነበር፤ ምክንያቱም ደንበኛው በር ላይ ልጓም ሳይሳብ ይቆማል። ጠላ ቤቱ ጋ ደግሞ ሁልጊዜ ነው የሚቆመው። አባቴን ስጠይቀው ሳቀና «እኔ ነኛ የምነግረው» አለኝ። ሊያቆም ሲያስብ ትከሻው ይረግባል፣ ልጓሙ በጣት ያህል ይላላል። እሱ ራሱ አያውቀውም፤ ፈረሱ ግን ያውቃል።

በኋላ ሳነብ በርሊን ውስጥም እንዲህ ያለ ፈረስ ነበር። ሃንስ ይባላል። ሒሳብ ይችላል ተባለ፤ መልሱን በኮቴው እየመታ ይቆጥራል። ኦስካር ፕፉንግስት የሚባል ሰው መርምሮ በ1907 ጻፈው፦ ፈረሱ ሒሳብ አያውቅም፣ የጠያቂውን ፊትና አቋም ነው የሚያነበው። ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ሰውነቱ ይለወጣል፣ እሱም ይቆማል።

አሁን ወደ ሲትኮም። «ሲምፕሰንስ» የሚባለው ካርቱን ላይ በፈረንጅ 2004 የወጣ አንድ ክፍል አለ። ሊሳ ለቤቱ ብቸኛዋ ቀለሜ ናት፣ አይኪውዋ 159። አንድ ቀን ገና አፏን ያልፈታችው ታናሽ እህቷ ማጊ ተፈተነችና 167 አመጣች። ሊሳ አበደች። ያለ ጉብዝና እኔ ማነኝ ብላ አዲስ ማንነት ፍለጋ ስትባዝን ታያላችሁ። በኋላ ሲጣራ ማጊ መልሱን የምታነበው ከሊሳ ነበር፤ ሊሳ ሳታውቀው በሰውነቷ ትጠቁማታለች። ያው የእኛ ዳማ።

ለምን አነሳሁት? ልጅ ሁሉ የቤቱን ፊት ያነባል። እናት ካርዱን ከመክፈቷ በፊት ፊቷ ላይ «ይሄኛው አይሆንም» የሚል ከተጻፈ፣ ልጁ እዚያው ነው የሚቆመው። ልጓም የሳበ ሰው ላይኖር ይችላል።

ዝም_ብዬ_ነኝ | እሁድ፣ ጠዋት 2፡09

ጠላ ቤቱ ላይ የሚቆመው ፈረስ ግን አይኪውው ከሁላችንም ይበልጣል።

ጡረተኛው_መምህር | እሁድ፣ ጠዋት 3፡20

ልጆቼ፣ ሳላቋርጥ አነበብኳችሁ። ከተማዋ ናዝሬት በምትባልበት ዘመን ማስተማር የጀመርኩ ሰው ነኝ።

ታላቅየው፣ አንድ ነገር ልንገርህ። በፈረንጅ 2007 ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች፣ ክሪስተንሰንና ቢየርክዳል፣ ወደ 240 ሺህ የሚጠጉ የብሔራዊ ውትድርና ምልምሎችን የፈተና ውጤት አጥንተው ነበር። የበኩሮቹ አማካይ ውጤት ከሁለተኛ ልጆቹ በ2 ነጥብ ያህል በልጦ ተገኘ። ትንሽ ናት፤ አማካይ 100 በሆነበት ሚዛን 2 ነጥብ የማንንም ኑሮ አትቀይርም። እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። ታላቁ በልጅነቱ ሞቶበት ቤቱ ውስጥ እንደ ታላቅ ሆኖ ያደገ ሁለተኛ ልጅ ውጤቱ ከበኩሮቹ ጋር እኩል ሆነ። ሲወለድ ስንተኛ እንደነበረ ሳይሆን፣ ቤት ውስጥ ማን ተብሎ እንዳደገ ነው የታየው።

ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ታላቅ ታናሹን ማስጠናቱ ነው። ያስረዳ ሰው እሱ ራሱ ይገባዋል። እኔ በ37 ዓመት ማስተማር ውስጥ ይሄንን በዓይኔ አይቻለሁ። አንተ ደግሞ 6ኛ ክፍል ላይ ያንን ቦታህን ቀሙህ። ታናሽህን እንድታስጠናው ሳይሆን ታናሽህ እንዲያስጠናህ ሆነ።

አይኪው የምትሉት ፈተናም ሲጀመር እንዲህ ለውድድር አልነበረም። አልፍሬድ ቢኔ ፓሪስ ላይ በ1905 ሲያወጣው፣ እርዳታ የሚያስፈልገውን ተማሪ ለይቶ ለመርዳት ነው። ማን 1ኛ ወጣ ለማለት አይደለም።

ይሄንን ሁሉ አውቄ በየሰኔ 30 ደረጃ ጮክ ብዬ አንብቤያለሁ። ከ1ኛ እስከ መጨረሻው። የመጨረሻው ልጅ ስሙ ሲጠራ ቁጭ ብድግ ሲል ክፍሉ ይስቃል፣ እኔም ዝም እል ነበር። አንዳንዶቹን አሁን ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። ቲማቲሙን መርቀው ነው የሚመዝኑልኝ።

ታላቅየው_ከአዳማ | እሁድ፣ ጠዋት 3፡34

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ቢያስተምሩኝ ኖሮ አልልም፤ እርስዎም ያነቡት ነበር። ግን ደስ ብሎኛል።

የኖርዌዩን ለእማዬ ነገርኳት። «ታዲያ አንተ በኩር አይደለህም እንዴ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። እንዲህ ናት።

ሲትኮም_አርበኛ (ወንጂ) | እሁድ፣ ረፋድ 4፡02

መምህር እንዳሉት ነው። ችግሩ አንዱ ቃሉ ይመስለኛል። ፈረንጅ «ስማርት» ይልና ሁሉንም እዚያች ከረጢት ውስጥ ይከታል። እኛ ጋ እኮ ቀለሜ አለ፣ ብልህ አለ፣ ብልጥ አለ፣ አስተዋይ አለ፣ ነቄ አለ። ሼልደንን ብልጥ ብትለው አማርኛው ራሱ እምቢ ይላል፤ ልጁ የሆቴል ሒሳብ አስልቶ ጉርሻ መስጠት የማይችል ነው። ጆርጂ ነው ብልጡ። አስተዋይዋ ሚሲ። ቤታችን ግን ቃሉ ሁሉ እያለው፣ ካርድ የሚያወጣው ለአንዱ ብቻ ነው።

ደግሞ ካርዱስ የት ያደርሳል? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ዓመት በየሰፈሩ ስንት «የቤቱ ሼልደን» ድንገት ጆርጂ ሆኖ አደረ።

ታላቅየው፣ አንድ የቀረችህ ትዕይንት አለች፤ «ቢግ ባንግ» 11ኛ ሲዝን መጨረሻው አካባቢ። ሼልደን ሊያገባ ነው፣ ጆርጂ ሠርጉ ላይ አልመጣም ይላል። ሼልደን ቴክሳስ ድረስ ሄዶ ምን አደረግኩህ ይለዋል። ጆርጂም ይነግረዋል፦ አባዬ ሲሞት አንተ ትምህርት ላይ ነበርክ፣ እማዬን የያዝኳት እኔ ነኝ፣ ሚሲንም እኔ ነኝ። ሼልደን ይሄን ሁሉ ዓመት አያውቅም ነበር። ያ ሁሉ አይኪው ይዞ።

ታላቅየው_ከአዳማ | እሁድ፣ ረፋድ 4፡10

አባዬ ያረፈው እሱ ዩኒቨርሲቲ 3ኛ ዓመት እያለ ነው።

አሁን ሱቅ ልሂድ።

ቀለሜዋ | እሁድ፣ ረፋድ 4፡15

አርበኛ፣ ቀስ ብለህ ብትነግረው ምን ነበረበት።

ታናሽየው | እሁድ፣ ቀን 7፡50

ሰላም። ዛሬ ነው የተመዘገብኩት። ላፕቶፔን ክፍት ትቶ ሄዷል።

ታላቅየው፣ ስማ። አዎ፣ ጎማውን አውቅ ነበር። ፊት ለፊት የማልነግርህን ነገር ጆርጂ ይንገርልኝ ብዬ ነው ያመጣሁት። በ4 ቀን ፈቃድ 141 ክፍል እንደማይታይ ግን አላሰላሁም። ቀለሜ ነኝ እንግዲህ።

የሳቅሁት በጆርጂ አይደለም። የአባትየው አኳኋን ነው ያሳቀኝ፤ አባዬን ሆነብኝ።

ካርዱን በተመለከተ ደግሞ። «ካርድህን ልያዝልህ» ያልኩህ ለመኩራት አይደለም። ባለፈው ዓመት ስትወድቅ ካርድህን ፍራንኮ ሰፈር ጋ ቀደህ ቱቦ ውስጥ ከተትከው። የተገረፍከው በውጤቱ ሳይሆን በቀደድከው ነው፤ ረሳኸው? ሁለተኛ እንዳትቀደው ነው የፈራሁት።

ደግሞ 34ኛ አልነበርክም። ካርዱ እማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቿ ሥር አለ፤ ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ። 31ኛ ነህ።

ስለ 3ኛ ዓመት እዚህ አላወራም። በየወሩ የምትልክልኝ ብር የጎማ ሽታ ነበረው፤ ይሄን ብቻ እወቅ። አሁን ያለሁበት ቢሮ ደግሞ ዙሪያዬ ሼልደን ብቻ ነው። እዚያ ጆርጂው እኔ ነኝ።

ዝም_ብዬ_ነኝ | እሁድ፣ ቀን 7፡53

ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ። የአዳማ ንፋስ ነው።

ታላቅየው_ከአዳማ | እሁድ፣ ማታ 1፡05

31ኛ ከስንት?

ታናሽየው | እሁድ፣ ማታ 1፡06

ከ62። ሳሎን ተቀምጠህ በቴክስት የምትጠይቀኝ ምን ሆነህ ነው?

ታላቅየው_ከአዳማ | እሁድ፣ ማታ 1፡08

ታዲያ 31 ሰው በልጬ ነበራ! ይሄን ሁሉ ዓመት ማንም አልነገረኝም።

ከሐዋሳ_መንታዋ | እሁድ፣ ማታ 1፡15

ሒሳቡን የሠራው ግን ማን እንደሆነ ልብ በሉልኝ።

ታላቅየው_ከአዳማ | እሁድ፣ ማታ 2፡40

ለጠየቃችሁ፣ 2ኛውን ሲዝን ጀምረናል። እማዬ ሚሲን ወዳታለች፤ «ይቺ ልጅ ታውቃለች» እያለች ነው። ምን እንደምታውቅ ግን አትነግረንም።

አሁን ግን ፓውዝ አድርገነዋል። አንድ ሲኖትራክ ጎማው ፈንድቶበት መንገድ ላይ ቆሟል፣ ሹፌሩ ደወለልኝ። ልጆቹን አሰናብቻቸዋለሁ፣ ብቻዬን ነኝ። ወንድሜ ጫማውን እያሰረ ነው። «ክሪኩን ልያዝልህ?» አለኝ።

ዝም_ብዬ_ነኝ | እሁድ፣ ማታ 2፡41

ይያዝልህ። ክሪክ አይቀደድም።